ለልጄ፣ ስለ ሲጋራ ወረቀቱ መጽሐፍ

ሚጣዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በቴሌግራም የላክሽልን ሁለት ምዕራፍ ደርሶናል። ስልክ ላይ «ተራ የፍቅር ታሪክ ነው አባዬ፣ ለሽልማት የሚበቃ አይደለም» ያልሽኝ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሆዴ አልወጣም። እንዲህ ያለ ልብወለድ ከሥነ ጽሑፍ አይቆጠርም ያለሽ ሰው ካለ ተሳስቷል።

መደርደሪያው ላይ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘውን ወፍራም መጽሐፍ ታስታውሺዋለሽ? «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችው ከአንድ ሺህ ገጽ የሚያልፍ የፍቅርና የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ነው። ገጣሚው ነቢይ መኮንን ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ነው። ወረቀት ከየት ይምጣ? የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እየሰበሰበ 3000 ያህል ቁራጭ ላይ ጻፈው።

ይህን የሰማሁ ሰሞን አንድ ባዶ ፓኮ አንስቼ ሞከርኩት። ብርማዋን ወረቀት ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩና ደቃቅ ፊደል መጣል ጀመርኩ። አሥራ አራት መስመር ያዘችልኝ። እስክሪብቶው ያንሸራትታል፤ ጫን ሲሉት ደግሞ ወረቀቱ ይቀደዳል። ለአንዷ ቁራጭ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ፣ ያውም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬ አጠገቤ። እሱ ነገ ማን እንደሚጠራ በማይታወቅበት ቦታ ሆኖ ሦስት ሺህ ጊዜ የደከመው ለፍቅር ታሪክ ነው፣ ልጄ።

ስለ ሽልማትም ካነሳሽ፣ ያው መጽሐፍ በ1937 የአሜሪካን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ፑሊትዘርን አግኝቷል። በ1939 የወጣው ፊልም ደግሞ ኦስካር ጠራርጎ ወሰደ። ከተሸለሙት አንዷ ተዋናይቷ ሀቲ ማክዳንኤል ናት፤ ኦስካር የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር። በዚያች ማታ ከባልደረቦቿ ጋር አላስቀመጧትም፤ ግድግዳ ጥግ ሌላ ጠረጴዛ ሰጧት። ሆቴሉ ጥቁር አያስተናግድም ነበርና መግባቷም በልመና ነው። የሸለማትም ያገለላትም ያው አዳራሽ ነው። መጽሐፉ ራሱ ባሪያዎቹን በጌቶቻቸው ፍቅር የተነደፉ አድርጎ መሳሉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ስታነቢው ይህን ሳትዘነጊ አንብቢው። ሸላሚዎቹ ግን ይህ አልታያቸውም።

ሽልማት ሁሉ ከንቱ ነው አልልሽም። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ሲወስድ እናትሽ እልል ብላለች። እኔ የምፈራው፣ ገና ያላየሽውን ዳኛ እያሰብሽ ዓረፍተ ነገር እንዳታጣሚ ነው። በላክሽው ምዕራፍ ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ሳንቲሟን ስትቆጥር፣ እሱ ከኋላ ወንበር እንዳለ እያወቀች ዞር ሳትል የቀረችበትን ቦታ እንዳትነኪው። እዚያ ላይ አንዲት ቃል ብትጨምሪ አዝናለሁ።

ማታ ማታ ለእናትሽ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት። ትናንት ሽንኩርት እየከተፈች ስታዳምጥ፣ ታክሲው ሲቆም ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሁለተኛው ምዕራፍ እዚያ ላይ አለቀብን። «ወረደች ወይስ አልወረደችም?» አለችኝ። ስልኩን ገልብጬ አሳየኋት፤ የቀረ የለም። ዛሬም ጠዋት ቁርስ ላይ ደግማ ጠይቃኛለች። ሦስተኛውን ቶሎ ላኪልን።

አባትሽ