ድምፅ ማጉያ ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግድግዳ ውስጥ አይቀበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ማጠናቀቅ ሥራ ላይ የተሰማራሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። አፓርታማ ገዝተው የሚያስጨርሱ ደንበኞች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ስፒከር ግድግዳ ውስጥ እንድንቀብርላቸው ደጋግመው ይጠይቁናል። ሽቦም ሣጥንም ሳይታይ ሳሎኑን የሚሞላ ጥሩ ድምፅ ማግኘት ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ፍላጎቱን አልነቅፍም። የምቃወመው ስፒከሩ ሁለት ቤቶችን በሚለየው ግድግዳ ውስጥ መግባቱን ነው፤ ይህንንም ቤት ገዢዎች፣ ባለሙያዎችና የሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበራት ቢያስቡበት ብዬ እጽፋለሁ።

ገበያ ላይ ያሉት የግድግዳ ስፒከሮች አብዛኞቹ የተነደፉት በአሜሪካ የተለመደውን ዓይነት ግድግዳ ታሳቢ በማድረግ ነው። እዚያ የብዙ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀው በቆሙ የእንጨት ቋሚዎች ላይ፣ በሁለቱም ወገን 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጂፕሰም ሰሌዳ ተመትቶ የሚሠራ ስለሆነ፣ በመካከሉ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ይገኛል። ሰሌዳው በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፤ ስፒከሩም በብሎን ተይዞ ይቀመጣል። የእኛ ግድግዳ ግን ብሎኬት ነው።

የአንድ ብሎኬት ፊት 40 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 በ30 የሆነ ስፒከር ለማስገባት ግድግዳው በግራይንደር ተቆርጦ በመሮ ሲፈለፈል፣ ቁመቱ ከአንድ ረድፍ ስለሚያልፍ ቢያንስ የሁለት ረድፍ ብሎኬት ይሰበራል፤ ከላይ ያለው ብሎኬትም የሚያርፍበትን ያጣል። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ በመሆኑ የፊተኛው ቅርፊት ከወለቀ በኋላ በሙዚቃውና በጎረቤት መኝታ ቤት መካከል የሚቀረው የጥቂት ሴንቲ ሜትር የኋላ ቅርፊትና ልስን ብቻ ነው። እጅን ወደ ቀዳዳው ሰድደው ያንን ቅርፊት በጣት ሲያንኳኩት ከወዲያ ያለው ሰው ይሰማዋል። ስፒከር ደግሞ ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል አየር ወደ ኋላም ይገፋል። ጀርባው በሣጥን ካልተዘጋ የኋላው ድምፅ የፊተኛውን ያጠፋዋል፤ በተለይ ጎርናናው ድምፅ ይከሳል። የቤቱ ባለቤት የከሳውን ለማካካስ ድምፁን ሲጨምር፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤተሰብ ዘፈኑን ሳይሆን ንዝረቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰማ ያድራል። ሕፃን ለሚያስተኛ ወይም ሕመምተኛ ለሚያስታምም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትንም ለይቶ ያነሣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደግሞ የግል ቤትን ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶ የሚያይ ነው። ስለዚህ ሁለት ቤቶችን የሚለይ ግድግዳን «ገዝቼዋለሁ» ብሎ መቅደድ የአንድ ሰው ውሳኔ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስፒከር መቅበር የግድ ከሆነ መንገዱ አለ። እኔ ብጠየቅ የምመክረው ከብሎኬቱ ፊት ለፊት፣ ሳይነካው፣ በብረት ቋሚ የተሠራ የጂፕሰም ግድግዳ ማቆም ነው። ከሳሎኑ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ነገር ግን ክፍተቱ በፋይበር ግላስ ተሞልቶ ስፒከሩ ከነሣጥኑ ሲገባበት ድምፁም ያምራል፣ ብሎኬቱም ሳይነካ ይቀራል። የጂፕሰም ኮርኒስም ይሆናል፤ ሆኖም ከላዩ ሌላ ሰው የሚኖርበት ወለል ስላለ እዚያም ሣጥኑ አይቀርም። ቪላ ቤት ያለው ሰው የበለጠ ነፃነት አለው፤ ብቻ ዝናብ የሚመታውን የውጭ ግድግዳ ይተወው፣ እርጥበት ስፒከሩን ይበላዋልና።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ውሳኔው ከልስን በፊት እንዲሆን ነው። የስፒከሩ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ በጊዜ ከተዘረጋና ውስጡ የመሳቢያ ገመድ ከተተወለት፣ ስፒከሩ ከዓመታት በኋላም ቢገዛ ግድግዳ አይፈርስም። የስፒከር ሽቦ ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ፈጽሞ አይለፍ፤ አደገኛ ነው፣ እዝ የሚል ድምፅም ያመጣል። ሽቦው 20 ሜትር ያህል የሚሄድ ከሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይመረጣል። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ስላለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። ባለ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅም መለኪያ ነው) የሆኑ አራት ስፒከሮችን በአንድ መስመር ጎን ለጎን የሚያያይዙም አሉ፤ የመግታት አቅሙ ወደ 2 ኦም ስለሚወርድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፣ ይህንንም ብዙዎቹ የቤት አምፕሊፋየሮች አይችሉትም። ልስን ሳይመታ ግድግዳውን ሜትር አስደግፎ ፎቶ ማንሣትም ኋላ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የሚመታውን ሰው ከብዙ ጣጣ ያድነዋል።

የሕንፃ ነዳፊዎች የስፒከር መስመርን እንደ ሶኬትና እንደ መብራት በኤሌክትሪክ ፕላኑ ላይ ቢያሳዩት፣ የነዋሪዎች ማኅበራትም በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ የጋራ ግድግዳን ለዚህ ሥራ መቁረጥን በግልጽ ቢከለክሉ፣ እኛ ባለሙያዎችም ለደንበኛ «እዚህ አይሆንም» ስንል የምናሳየው ወረቀት ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ