የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ዘጠኝ ሆነን ጀምረን ሦስት ቀረን

መስከረም ላይ ዘጠኝ ነበርን። ድራም፣ ቤዝ፣ ሁለት ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ማሲንቆ፣ ሦስት ድምፃዊ። ጥር ሲገባ የ12ኛ ክፍሎቹ ለፈተና ዝግጅት ተሰናበቱን። ድራም የሚመታው ልጅ ደግሞ ቤተሰቦቹ ከተማ ቀየሩ። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ኪቦርድ የምትጫወተው፣ ማሲንቆ የሚመታው እና አንዲት ድምፃዊ።

ድራምና ቤዝ የሌለው ባንድ ምን ይጫወታል? እኔም አስተማሪያቸው መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ቁጭ ብለን እንስማ አልኳቸው። የመረጥነው አንድ ሰው ነው፤ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ።

የጀመርነው እሳቸው ከተጫወቱበት ዋሊያስ ባንድ ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ አበባ ሂልተን የሚጫወቱት እነሱ ነበሩ። በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» አልበም ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» አለ፤ የግርማ በየነ ድርሰት። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ሲገቡ ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃዊቷ «ለእኛ የሚሆን አይደለም፣ ሰው ይበዛዋል» አለች። እውነቷን ነው።

ወደ 1985ቱ የጋሽ ኃይሉ አልበም ስንደርስ ነገሩ ተቀየረ። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ። ከአባላቱ ገሚሱ ሲመለስ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ፣ ብቻቸውን ቀዱ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባል የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን። አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ፣ ሁሉንም በራሳቸው እጅ።

ያን ድራም ማሽን እኔ በግሌ አልወደውም ነበር። ደረቅ ነው፣ አይለወጥም። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ ግን ተከራከረችኝ፦ «ቲቸር፣ ማሽኑ አይደክምም። የሚደክመው አኮርዲዮኑ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያሳዝነው።» ቤቴ ሄጄ በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ተሸነፍኩ።

ስለ አኮርዲዮን አንድ ነገር ልጨምር። የክበቡ ኪቦርድ «አኮርዲዮን» የሚል ድምፅ አለው፤ ልጅቷ ዜማውን ኖታ ሳታጎድል ተጫወተችው፤ ግን አልመስል አለ። ሁለት ሳምንት ካወራን በኋላ ነው የገባን። አኮርዲዮን እንደ አንጥረኛ ወናፍ አለው። ድምፁ ከተነሳ በኋላም በግፊቱ ይጎላል፣ ይሟሽሻል። የእኛ ኪቦርድ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ማሲንቆ መቺው ሳቀና አንዲት ኖታ ይዞ ቀስቱን እያጠበቀ፣ እያላላ አሳየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጅሙን ኖታ ለእሱ ሰጠን፤ ኪቦርዱ ከሥር ይመታል።

የቀረውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጋሽ ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናው ኋላ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያ ብቻቸውን የቀዱት ካሴት በ2013 እንደገና ታተመ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለው አልበማቸው ወጣ፤ ከበሮውና ቤዙ የሁለት አውስትራሊያውያን ነው። እዚህ ላይ ከበሮው እንደ ማሽኑ አይደለም፤ ይጠብቃቸዋል፣ ይቀድማቸዋል፣ አንዳንዴም ይተዋቸዋል። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ወጥቶ ፒያኖ ብቻ ይቀራል። በ2020 «የኔ ምርጫ» ላይ ማሲንቆ ሲገባ የእኛው ልጅ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

ጓዱ ሲለዋወጥ ድምፁም ይለወጣል፤ አኮርዲዮኑና ኪቦርዱ ላይ ያለው እጅ ግን ያው ነው። ልጆቹ ይህን ከያዙ በኋላ «ሰው ጎደለን» ማለት ተዉ። ለሦስት የሚሆን ትዝታ ሠሩ። ምቱን በስልክ ጫኑት።

ግንቦት ላይ፣ የወላጆች በዓል ዕለት፣ ትዝታው ገና ሲሞቅ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ፀጥ አለ። ስልኩ የተሰካበት ስፒከርም አብሮ ፀጥ። ማሲንቆው ግን አላቆመም፤ ድምፃዊቷም ያለ ማይክ ቀጠለች። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ ትንሽ ግራ ተጋባችና ጠረጴዛውን በመዳፏ መምታት ጀመረች። ከኋላ የተቀመጡ እናቶች በጭብጨባ ተቀበሏት። መብራቱ የመጣው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት እቅዳችን አጭር ነው፦ ከበሮ የሚመታ ልጅ እንፈልጋለን። የሚያውቅ ቢሆን ጥሩ፣ ባያውቅም እናስተምራለን። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ክፍል።