እማዬ፣ «ምን ልበላት?» ላልሽኝ

ውድ እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ኪኒንሽ ከማለቁ በፊት ንገሪኝ፤ እንዳለፈው ጊዜ ጨርሰሽ ዝም እንዳትዪ፣ አደራ።

ትናንት ደውለሽ «ልጅቷን ምን ልበላት?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ነው።

በቅድሚያ የወንድሜን ልጅ ነገር ልጨርስ። የክፍሏ ልጆች ፎቶዋን ቆርጠው የቴሌግራም ስቲከር አድርገውታል ብላሻለች። ስቲከር ማለት ሲጻጻፉ መሀል ላይ የሚለጥፏት ትንሽ ሥዕል ናት። ስለዚህ በግሩፑ ውስጥ አንዱ መሳቅ ባማረው ቁጥር የልጅቷ ፊት ብቅ ይላል። ቀልድ ነው ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው። ወንድሜንና ሚስቱን ትታ ላንቺ የነገረችሽ ስልኬን ይቀሙኛል ብላ ይመስለኛል፤ ስንቱ ልጅ በዚህ ፍርሃት አፉን ይዞ ይቀራል። «አጥፊውና ውጪ» አትበያት። መጀመሪያ የተጻፈውን ሁሉ፣ የጻፈው ልጅ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርጋ ስክሪንሾት ታንሳው። ቴሌግራም ላይ ሰው የጻፈውን ከሁሉም ስልክ ሊሰርዘው ይችላል፤ ኋላ «እኔ አልወጣኝም» ቢል ምን ይዛ ትከራከራለች? ከዚያ ለቴሌግራም ሪፖርት ታድርግ። ኢንስታግራም ላይም እየመጡ ይሰድቧታል ብለሽኛል። ብሎክ ካደረግኩ ይብስባቸዋል ብላ ከፈራች «ሪስትሪክት» የሚባል አለ፤ ልጁ የሚጽፍባት ኮሜንት ለራሱ ብቻ ይታየዋል፣ እንደዚያ መደረጉንም ኢንስታግራም አይነግረውም። ለወንድሜ መነገሩ አይቀርም፤ ግን ከጀርባዋ አይሁን፣ አብራችሁ ንገሩት።

«እስኪ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ አልኳት» አልሽኝ። ተባረኪ እማዬ። ልጅቷ ከዚህ በላይ የሚያስፈልጋት ነገር አልነበረም።

እኔም ግን መጥቼልሽ ነበር። በ14 ዓመቴ፣ በስሜና በፎቶዬ ሌላ ፌስቡክ ከፍተው ሲጫወቱብኝ፣ ስልኩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ፊትሽ ቆምኩ። አላየሽውም። «ምን አድርገሻቸው ነው? ድሮስ እዚያ ምን አስገባሽ?» አልሽና ስልኩን ተቀብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሽበት። እነሱ በዚያ አላቆሙም። ክፍል ስገባ ሁሉም አንብቦ ይጠብቀኛል፤ ምን እንደተባልኩ የማላውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። አንቺ ግን ነገሩ ያለቀ መሰለሽ። ከዚያ ወዲያ የሆነብኝን ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲውንም፣ የእጮኛዬንም፣ የምትሰሚው ከሰው ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ያኔ ስለነዚህ ነገሮች የሚያስረዳሽ ሰው እንዳልነበረ አውቃለሁ። አሁንም ያለሽ ዕውቀት ያው ነው፤ ለእሷ ግን ጆሮ ሰጠሻት። ትናንት ያስለቀሰኝ ይሄ ነው፤ ደስታም ቅሬታም አለበት።

እሁድ ስደውል የልጅቷን እንጨርስና ስለዚያ ፌስቡክ ጠይቂኝ። ምን ተጽፎ እንደነበር እስከዛሬ አልነገርኩሽም። አሁን ልነግርሽ እፈልጋለሁ፣ እንደሷ ከመጀመሪያው ጀምሬ።

ልጅሽ