ከወር አበባ በፊት ያለው ሳምንት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለቤቴን በየወሩ ሆድ ይብሳታል፤ ትንሹ ነገር ያስቆጣታል፣ ጡቷን ያማታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል። እኔ ለዓመታት «ጠባይሽ ተለወጠ» እያልኩ ስነዘንዛት ኖርኩ። እናቴማ «ዛር ነው» ብላ ቡና አስፈልታ ነበር!

ቀኑን ካላንደር ላይ ምልክት ስናደርግ ነገሩ ተገለጠልን፦ የወር አበባዋ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ይጀምራል፣ በመጣ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃታል። ሐኪሟም እንቁላል ከወጣ በኋላ ከሚመጣው የሆርሞን መለዋወጥ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሲበረታ መድኃኒት አለው አለቻት። ቡናም ቀንሺ ተብላለች፤ ደሴ ላይ ሆኖ ቶናና በረካን መተው ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የተቆጣች ሁሉ ግን የወር አበባዋ ደርሶ አይደለም። አንዳንዴ ጥፋቱ የኔው ነው። ጋዜጣችሁ ይህን ለእኛ ለባሎች ቢጽፍልን?

አንድ አባወራ፣ ደሴ