የአያትህ ካርታ 52 ነው

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስልኩን ከእጅህ ነጥቄ ስጮህብህ ምክንያቱን በወጉ አልነገርኩህም። አንተም እራትህን ሳትጨርስ ተኛህ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራ ላይ ስለምሆን ይህን ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ።

ካርታ መጫወትህን አልጠላሁትም። አያትህ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳሉ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ በሚሰድድበት ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ከባልደረቦቻቸው ጋር ይጫወቱ ነበር። ለእኔም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሦስቱ ሰባቶች ወርደዋል፤ አራተኛው ማን ጋ ነው?» ይሉኝ ነበር። ካርታው 52 ነው፤ ከየቁጥሩ አራት አራት። የወረደውን ያስታወሰ የቀረውን ያውቃል። አንተም ይህን ከስልኩ ጨዋታ ተምረሃል። ከፊራ ገበያ የሽንኩርቱንና የቲማቲሙን ሒሳብ ከሻጯ ቀድመህ ስትደምር እንዴት እንደ ኮራሁብህ! ከአክስትህ ልጅ ጋር ስትጫወት ተራህን ትጠብቃለህ፤ ስትሸነፍም አታኮርፍም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያስደነገጠኝ የስልኩ ጨዋታ የሚሸጥልህ የታሸገ የካርታ ጥቅል ነው። አጎትህ ትናንት ከጅቡቲ ደውሎ ነበር። ስልኩን ሲልክልህ የባንክ ካርዱን ቁጥር ከውስጡ ሳያጠፋ ቀርቶ ኖሮ፣ በአንድ ሳምንት 14 ጊዜ ገንዘብ ተቆርጦበታል። ሌባ ነህ አልልህም። ጨዋታው ያሳየህ አልማዝ የሚሉትን የጨዋታ ገንዘብ እንጂ እውነተኛ ገንዘብ አልነበረም። በመጀመሪያ አልማዙን በገንዘብ ያስገዛሃል፤ ከዚያ ጥቅሉን በአልማዝ ትገዛለህ፤ በመካከል ዋጋው ይጠፋብሃል። ውስጡ ምን እንዳለ የምታየው ከከፈልህ በኋላ ነው። አልፎ አልፎ ብርቅ የሆነ ካርታ ይወጣልሃል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚወጣ ስለማታውቅ እጅህ ማቆም ያቅተዋል። እዚህ ላይ የአያትህ ቆጠራ አይሠራም፤ ስንት ካርታ እንዳለና የትኛው ስንት ጊዜ እንደሚወጣ የሚወስነው ሻጩ ራሱ ነው። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ያለውን እንዲህ ያለ ሽያጭ ቁማር ነው ብሏል። ቁማር ለአዋቂም ከባድ ነው፤ አንተ ገና 11 ዓመትህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጨዋታው ላይ የማታውቀው ሰው ስምህን ወይም ሰፈርህን ከጠየቀህ አትመልስለት፤ ለእኔ አሳየኝ። አልቆጣህም።

የባንክ ካርዱ ከስልኩ ወጥቷል፤ ለግዢም እኔ ብቻ የማውቀው የይለፍ ቃል አለው። ስልኩ ግን ይመለስልሃል፤ የቤት ሥራህን ስትጨርስ ሳሎን ተቀምጠህ አንድ ሰዓት ትጫወታለህ፤ ማታ መኝታ ቤት አይገባም። ለአጎትህ ደግሞ ራስህ ደውለህ ይቅርታ ጠይቀው፤ እየጠበቀህ ነው።

የአያትህ ካርታ መሳቢያው ውስጥ ነው። አንዱ ሰባት ጠፍቶ በካርቶን ስለተተካ ከጀርባው ያስታውቃል፤ ለጊዜው በእሱ እንጫወታለን። ሙቀቱ ሲበርድ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈህ ጠብቀኝ።

እናትህ