ቁጥር 15ንስ ማን ያንብበው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው። ሥራዬ ሾፌርነት ነው፤ አይሱዙ ይዤ ከመንዝ ገብስና ባቄላ እየጫንኩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ አንባቢ በዚሁ ገጽ ላይ «በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቅ፣ መሯሯጥ የእምነት ማነስ ነው» ማለታቸውን አንብቤ ሆዴ አልቻለም። ክፉ አስበው እንዳልጻፉት ይገባኛል። ግን ይሄ ቃል እኛ ቤት ገብቶ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። የልብ በሽታ አለባት። ቶንሲሏን በተደጋጋሚ ስትታመም በወጉ ሳትታከም ቀርታ የመጣ ነው ብለው ሐኪሞቹ ነገሩን። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። እስከዚያ በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋለች። በዚያው ዓመት የመኪናዬ ሞተር ወርዶ ተበተነ፣ ብድሩ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ከኋላ ፈርዖን፣ ከፊት ባሕር ሲባል ስብከት ላይ ብቻ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም።

በዚህ መሐል አንድ ዘመዳችን መጥቶ ባለቤቴን «መርፌውን ተዉት፣ ጸበል ብቻ አጠጧት፣ ሁለቱን መያዝ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው» አላት። እሷም ፈራች። እናት ናት፣ ምን ታድርግ። የነፍስ አባታችን ሰምተው በጣም ተቆጡ። «ጸበሉንም ትጠጣ፣ መርፌውንም ትወጋ፤ መድኃኒቱን ማን የሰጠ መሰላችሁ?» አሉን። ደግነቱ አንድም ወር ሳያልፈን ነው የደረሱልን።

ጸሐፊው የጠቀሱት ዘጸአት 14፥14ን ነው። እግዚአብሔር ይዋጋላችኋል፣ እናንተም ዝም ትላላችሁ የሚለውን። እሺ፣ አሜን። ግን አንድ መስመር ዝቅ ብለው ቁጥር 15ን ቢያነቡት ምን ነበረበት? እግዚአብሔር ሙሴን ምን ትጮኽብኛለህ፣ ሕዝቡ ይሂድ በላቸው ነው ያለው። ወዴት ይሂዱ? ባሕሩ እኮ ገና አልተከፈለም! ፈርዖን 600 የተመረጡ ሰረገላዎች አስከትሎ ከኋላቸው ነው፣ ተነሱ የተባሉት ግን ውኃው ፊታቸው እንደ ተኛ ነው። ደግሞ እኛ ባሕሩ በአንድ ምት ለሁለት የተሰነጠቀ አድርገን እናወራዋለን እንጂ የምሥራቁ ነፋስ የነፈሰው ሌሊቱን ሙሉ ነው። ያን ሌሊት እዚያ ዳር ልጅ ታቅፋ የቆመች እናት ምን ስታስብ እንዳደረች እንጃ።

በጣርማ በር ጉም ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ከደብረ ብርሃን ስትመጡ ሜዳው ይቀጥል ይቀጥልና ዋሻው ጋ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ነው፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው እንደወጣህ ቁልቁለት ነው፣ ጥምዝምዝ ነው፣ ከጎንህ ገደል ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የራስህ መኪና አፍንጫ አይታይህም። አዲስ ሾፌር ደንግጦ ረጅሙን መብራት ያበራል፤ ጉሙ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ይረጭበታል። አጭሩን ነው ማብራት። አንደኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ረዳትህ ወርዶ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ አንተ የሱን ጀርባ እያየህ ትከተላለህ። ደብረ ሲና አይታይህም፣ ቆሎ ሻጮቹም አይታዩህም፣ ግን ከታች እንዳሉ ታውቃለህ። ጉሙ እስኪገለጥልኝ ብለህ መሐል መንገድ ላይ ብትቆም ግን ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና ይጨርስሃል። እኔ መታመን ሲባል የሚገባኝ እንዲህ ነው። ሌላ ትምህርት የለኝም።

የሞተሩን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የዕቁብ ጓደኞቼ ተራቸውን ለቀውልኝ ነው ያሠራሁት። ሁለቱ የራሳቸው ችግር ነበረባቸው። ባሕር ባይከፈልም እሱን እኔ ተአምር ነው የምለው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ። ታኅሣሥ 19 ሲመጣ ሁላችንም ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት እንዳወጣቸው እናወራለን። ልጆቹ ለንጉሡ የመለሱለትን ግን እንረሳዋለን። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም ነው ያሉት። ይችላል ብለው ባያድነንም አሉ! እሳቱ ሰባት እጥፍ የነደደው ከዚህ መልስ በኋላ ነው። እኔ ይህቺን «ባያድነንም» ማለት ገና አልቻልኩም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ሌሊት ልጄ ስትተነፍስ እየሰማሁ አልችልም። ግን ልጁን ቀብሮ ጎረቤቴ ደጅ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ጾሟል፣ ተስሏል፣ ፃድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብቷል። ጸሐፊው ለእሱ ምን ሊሉት ነው? እምነትህ አንሶ ነው? እባክዎ እንዲህ ያለውን ነገር አይጻፉ።

ልጄ ሐሙስ ቀጠሮ አላት። እስከ አዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ዋሻው ጋ ጉም ካለ ረዳቴ ይወርዳል። እሷም ከወዲሁ «እኔም ወርጄ ከፊት ልሂድ» እያለች ነው፤ እናቷ በዚያ ብርድ አይሆንም ብላታለች።

አንድ ሾፌር፣ ከደብረ ሲና