«እየተንሳፈፉ መሄድ» ስንት አመት ይቆያል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ ወይ። ባለፈው እትማችሁ የመኪና ገጽ ላይ ስለ ቅንጡ መኪናዎች የአየር ሰስፔንሽን (በሞላ ፋንታ አየር የተሞላ የላስቲክ ፊኛ መኪናውን ሚሸከምበት እግር) «የሚጠበቅበትን አሟልቷል» ብሎ የወጣውን አነበብኩት። ጽሁፉ ጥሩ ነው፣ ጸሐፊው ግን መኪናውን ዜሮ ዜሮ እያለ ብቻ ነው ያየው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ አለኝ፣ ስራዬ የመኪና እግር ነው፣ እነዚህ መኪናዎች እኔ ጋ ሚደርሱት ሁለተኛው ወይ ሶስተኛው ባለቤት እጅ ከገቡ በኋላ ነው፣ ስለዚ የቀረውን ግማሽ ልጨምርበት ብዬ ነው።

በቅድሚያ ቴክኖሎጂው ውሸት ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሞላ ችግር ለመረዳት ቀላል ነው፣ ልስልስ አርገው ቢሰሩት አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫንበት ቁጭ ይላል፣ ጠንከር ቢያረጉት ደሞ ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል፣ ፋብሪካው ሁለቱን አስታርቆ ነው ሚሸጠው። አየሩ ጋ ግን ጭነት ሲጨመር ኮምፕረሰሩ (አየር ሚነፋው ፓምፕ) ይነሳና ፊኛውን ይሞላል፣ ከፍታው አይለወጥም፣ ስለዚ ከመጀመሪያውም ልስልስ ብሎ መሰራት ይችላል፣ አስፋልት ላይ ሲፈጥን ዝቅ ይላል፣ ኮሮኮንች ሲገባ ከፍ ይላል። ሾክ አብዞርበሩም (የመኪናውን መንጠር ሚያበርደው ክፍል) በኮምፒውተር እየጠነከረና እየላላ ሲያግዘው ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። በደንብ የተያዘ የመርሴዲስ ኤስ ክላስ ወይ ሬንጅ ሮቨር ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄን አይክደኝም።

ነገሩ ግን አዲስ አይደለም (አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የፈረንሳዩ ሲትሮየን ዲኤስ በ1955 ፓሪስ ላይ ሲወጣ በሞላ ፋንታ ዘይትና ናይትሮጅን ጋዝ ነበር የተሸከመው፣ በ1962 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ደ ጎል ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግ ጎማው በጥይት ተመቶ ሾፌሩ ይዟቸው ያመለጠው በዚሁ መኪና ነው። ምቾቱ ላይ ማንም አልተከራከረም። ጣጣው ዘይቱ ነበር፣ የመጀመሪያው ዘይት እርጥበት እየሳበ ዕቃውን ከውስጥ ያዝገው ነበር፣ እርጥበት ወደማይስበው አረንጓዴ ዘይት የቀየሩት አስር አመት ግድም ቆይተው ነው። አሜሪካኖቹም በ1957 ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮሃምን በአየር ሰስፔንሽን አወጡት፣ በዛን ጊዜ ከ13 ሺ ዶላር በላይ ሚሸጥ መኪና እኮ ነው፣ አየሩ እያፈሰሰ ሲያስቸግራቸው ብዙ ባለቤቶች አስነቅለው ሞላ አስገቡበት። ዛሬም ጋራዤ በር ላይ ቆሞ «ይሄን ነገር ንቀልና ሞላ ግጠምልኝ» ሚለኝ ደንበኛ ያንኑ ነው ሚለው።

ሰዉን ሚያጓጓው ኩባንያዎቹ ሚለቁት የማሳያ ቪዲዮ ነው። ቦዝ፣ ያው የስፒከሩ ኩባንያ፣ ከ1980 ጀምሮ ሲደክምበት የነበረውን የመኪና እግር በ2004 አሳየ፣ ሌክሰስ ኤልኤስ400 ላይ በየጎማው እግር ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞበት መኪናው የመንገድ እብጠቱን ሳይነቃነቅ ያልፋል፣ ጭራሽ እንቅፋት ሲያገኝ ይዘላል፣ ያየ ሁሉ አፉን ከፈተ። ከዛስ? ከበደ፣ ተወደደ፣ ማንም ሳይገዛው ቀረ፣ ከሃሳቡ ተርፎ ገበያ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር ወንበር ነው። በ2017 ክሊርሞሽን ለሚባል ኩባንያ ሸጡት፣ አሁን የክሊርሞሽን ስራ የቻይናው ኒዮ ኢቲ9 መኪና ውስጥ ገብቶ ኮፈኑ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆ ተደርድሮ እብጠት ሲሻገር እያየን ነው። ሌላው የቻይና ኩባንያ ቢዋይዲም ያንግዋንግ ዩ9 የሚባለውን መኪናውን ባለበት እያስዘለለ ያሳየናል። እኔ ለመኪና እግር ገንዘብ ሚከፈለው መኪናው እንዳይዘል መስሎኝ ነበር!

መርሴዲስ ደሞ በ2013 ኤስ ክላስ ላይ ካሜራ አመጣ፣ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ከፊት ያለውን 15 ሜትር ያህል መንገድ እያነበበ ጎማው ሳይደርስበት እግሩን ያዘጋጃል። ደረቅና ብርሃን ያለው መንገድ ላይ ይሰራል፣ አደንቃለሁ። ሐምሌ ላይ ግን ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ ከአስፋልቱ እኩል ሲሆን ካሜራው ሚያየው ሜዳ ነው፣ ተወልደን ያደግንበት ሰፈር ሆኖ እኛም እየገባንበት አይደል።

ኮብልስቶኑም ሌላ ጉዳይ ነው። አየር ጎበዝ የሆነው በትልቁና በቀስታ በሚመጣው ንቅናቄ ነው፣ ጥቃቅኑን ንዝረት መጀመሪያ ሚቀበለው ጎማውና ቦኮላው (የእግሩ መጋጠሚያ ላስቲክ) ነው። ሰዉ ታድያ ምን ያረጋል፣ ለምቾት ብሎ ያን ሁሉ ብር አውጥቶ የገዛው መኪና ላይ 22 ኢንች ቸርኬ በስስ ጎማ ያስገጥምበታል፣ ከዛ «ይንቀጠቀጣል» ብሎ እኔ ጋ ይመጣል። ቸርኬውን በሁለት ኢንች አሳንሶ ጎማውን ቢያወፍር ለኔ ሚከፍለው ባልኖረ፣ ብዙዎቹ ግን አይሰሙኝም፣ ቸርኬው ነዋ ሚታየው።

አንድ ደሞ ማንም ሲያነሳው ያልሰማሁት ነገር አለ፣ ከፍታችን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚ ያለው የአየር ግፊት በባህር ጠለል ካለው ሶስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕረሰሩ ከዚሁ ስስ አየር ስቦ ነው ያንኑ ፊኛ ሚሞላው፣ ስለዚ ዱባይ ላይ ከሚሰራው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰራል፣ ይግላል። እርጥበት ሚመጥለት ማድረቂያ ውስጡ አለ፣ እሱም እድሜ አለው፣ ሲያልቅበት ውሃው ወደ ቫልቮቹ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ አቧራው ሳይቆጠር ነው።

አሟሟቱ ሁሌ አንድ አይነት ነው። የፊኛው ላስቲክ በእድሜና በፀሀይ ይሰነጠቃል፣ ከባህረ ሰላጤው ያገለገለ ሆኖ የመጣ መኪና ደሞ የሙቀት ድርሻውን በልቶ ነው ሚመጣው። ስንጥቁ መጀመሪያ ላይ በአይን እንኳን አይታይም፣ መኪናው ማታ ቆሞ ያድርና ጠዋት በአንድ በኩል ተቀምጦ ይገኛል፣ ሞተር ሲነሳ ቀና ይላል፣ ባለቤቱም ቀና ካለማ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ኮምፕረሰሩ ግን ቀዳዳ እንስራ እንደሚሞላ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። ያኔ ኮምፕረሰር ይገዛል፣ በውድ፣ ቀዳዳው ሳይነካ፣ አዲሱም በዛው መንገድ ይሄዳል። በተለይ የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ አንብቦ «ኮምፕረሰር ነው» ብሎ ዕቃ ሚያስገዛ ባለሙያ በጣም ያናድደኛል፣ ኮምፒውተሩ የሞተውን ነው ሚነግራችሁ፣ ማን እንደገደለው አይነግራችሁም። የሳሙና ውሃ ረጭቶ አረፋ ሚያወጣበትን ቦታ መፈለግ የማሽን ዋጋ እንኳን አይጠይቅም።

እግረ መንገዴን ስለ ጎሚስታም ልበል፣ ምክንያቱም አደጋ አለው። አየር ያለው መኪና በክሪክ ሲነሳ ሲስተሙ ጎማ እንደሚቀየር ካልተነገረው ራሱን ለማስተካከል አየር ሊያስወጣ ወይ ሊሞላ ይችላል፣ ብዙዎቹ ላይ ለዚህ የተቀመጠ ማዘዣ አለ፣ ማኑዋሉን አንብቡት። አየሩ ሲወጣ መኪናው በአንዴ ይወርዳል፣ ሳይደገፍ ስሩ ሚገባ ሰው ካለ ዛሬ ይተው።

ነቅሎ ሞላ ስለመግጠም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ያረጀ መኪና ከሆነና የፊኛው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ከተፎካከረ ሀጢአት አይደለም፣ ግን ለዛው መኪና የተሰራ ሞላና ሾክ ባንድ ላይ መሆን አለበት። ካገኙት መኪና ላይ የተቆረጠ ሞላ ሲገባ መኪናው እንደ ድሮው አይዝም፣ መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ እንደበራ ይቀራል፣ ስትሸጡት ደሞ ገዢው ያንኑ ቆጥሮ ይቀንስባችኋል።

አሁን ይሄን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፣ ባትሪው ከባድ ነው፣ ውድ ውድ የሆኑት ላይ ደሞ አየር ሰስፔንሽን እየተለመደ ነው። ቻይና ውስጥ በ2022 ሊ ኦቶ ኤል9 የሚባል መኪና ገና ለሙከራ ሲነዳ ጉድጓድ ገብቶ የአየር እግሩ ተሰበረና ትልቅ ወሬ ሆነ። ኩባንያው ፍጥነቱ 90 ኪሎሜትር በሰአት፣ ጉድጓዱም 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ነበር፣ የተሰበረውም ክፍል ለሙከራ መኪኖች የገባ ነው አለ፣ ሰዉ ግን በዚህ አልረካም፣ በመጨረሻ የአየር ሰስፔንሽኑን ዋስትና ወደ 8 አመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ከፍ አረጉት። ሰዉን ያረጋጋው ዋስትናው ነው እንጂ የጉድጓዱ ልኬት አይደለም። እዚ በግል አስመጪ የገባ መኪና ላይ ያ ዋስትና ተከትሎት መምጣቱን ስንቱ ገዢ ነው ሚጠይቀው?

ጸሐፊያችሁ «የሚጠበቅበትን አሟልቷል» ብለዋል። ፋብሪካው ከጠበቀው አንጻር አዎ። ገዢው ከሚጠብቀው አንጻር ግን እኔ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ገዢው ሚጠብቀው ምቾቱ ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲኖር ነው። ሌክሰስ ኤልኤክስ600 እና ላንድክሩዘር 300 ከስር አንድ መሰረት ላይ ነው የተሰሩት፣ ሌክሰሱ በዘይት ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ላንድክሩዘሩ ሞላ ነው። ለከተማ ኋላ ወንበር ሌክሰሱን ልመርጥ እችላለሁ። አፋር ወይ ኦሞ ሚሄድ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ሳላስብ ሞላውን ነው ምለው፣ ገጠር ሚላከው ላንድክሩዘር 70ማ ከኋላ እስከዛሬ ባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ ብረት ሞላ) ነው። መሀከለኛውም መንገድ አይናቅ፣ እንደ ተራ መኪና ሞላ ኖሮት ሾኩ ብቻ በኮምፒውተር ሚስተካከለው፣ ወይ ካዲላክ በ2002 ያስጀመረው ብረት ብናኝ ያለበት ዘይት በማግኔት ሚጠነክርበት አይነት። እሱም ሲያልቅ ውድ ነው፣ ሆኖም ኮምፕረሰር የለው፣ ፊኛ የለው፣ ቢበላሽ መኪናው መሬት ላይ አይቀመጥም።

ከጋዜጣችሁ ምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መኪና ስትገመግሙ ከሾሩሙ ከወጣው ጎን ለጎን ስምንት አመት የሄደውን ያንኑ ሞዴል ነድታችሁ ጻፉልን፣ የአንዱ ፊኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ሶማሌ ተራ ይገኝ እንደሆነ ወይ በትእዛዝ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ጠይቃችሁ አብራችሁ አውጡት። የሽያጭ ማስታወቂያ ሚያወጡላችሁ ሰዎችም መኪናው አየር ይሁን ሞላ፣ ተቀይሮም ከሆነ መቀየሩን እንዲጽፉ አርጉ።

አክባሪያችሁ፣
የእግር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ